ታኮ የሚሉት ያንቺን ቂጣ ነው

ዘነብዬ፣ የምሕረት እናት፣

በጂንካ ከተማ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ አስተማሪዎቹን ትተን። የቢሮውንም ሰው ትተን። በማታው ትምህርት መጨረሻ ወንበር ላይ ከምንቀመጠው ከሦስታችን መካከል ግን እንደ እኔ የሚጽፍ የለም፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንቺ ግን በአንድ ትንፋሽ እንደጻፍኳት አድርገሽ ያዢልኝ።

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በቆሎው ያለ አንቺ ደረሰ፣ ተሰበሰበ፣ ደግሞም ተዘራ። የጓሮው አቮካዶ፣ አያፈራም ብዬ ልቆርጠው ስል የከለከልሽኝ፣ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ጎረቤት ሲያደንቅ «እኔ ነኝ የተንከባከብኩት» እላለሁ። ያው ታውቂኛለሽ። ምሕረት ነርስ ሆና ተቀጥራለች፤ ስትቆጣ ቁርጥ አንቺን ነው። ትምህርት ያስገባችኝም እሷ ናት። «አባባ፣ ጡረታ ወጥተህ ደጅ ላይ ተቀምጠህ በአላፊ አግዳሚው ከምትቀልድ ፊደል ቁጠር» አለችኝ። ቆጠርኩ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ አንድ ምሳ ነው።

በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አጠገብ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ተከፍቷል። ሜክሲኮ ስልሽ አዲስ አበባ ያለው ሰፈር እንዳይመስልሽ፤ ባሕር ማዶ ያለ አገር ነው። የከፈተችው ቱርሚ ከተማ ለቱሪስት ስታበስል የኖረች የእኛው ልጅ ናት፤ ሙያውን የተማረችው ከአንድ እንግዳ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ እንደ ጃንጥላ የሰፋ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ተስሏል። ዋጋው ከሽሮ እምብዛም ስለማይበልጥ ተማሪውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የቢሮው ሰውም እዚያው ነው። የማታውን ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ ማግሥት ምሕረት «ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዝህ፤ ሜኑውን ግን አንተ ታነባለህ» አለችኝ።

አነበብኩ። ጣቴን እያስኬድኩ፣ ጮክ ብዬ። አስተናጋጇ ቆማ ስትጠብቀኝ ቆየችና «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ምግቡ አያልቅም» አለች። «ታኮ» የሚለው ጋ ስደርስ ስሙ አጭር ስለሆነ እሱን አዘዝኩ። ከሱ በታች ያለው በጣም ረዥም ነበር።

ሲመጣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የበቆሎ ቂጣ! ስስ ተደርጎ የተጋገረ፣ ለሁለት የታጠፈ፣ ሆዱ ውስጥ ቦሎቄ፣ ቃሪያ፣ የተፈጨ አቮካዶና ትንሽ ሥጋ። ሥጋውን አንስተሽ ጎመን ብትጨምሪበት ያንቺው ነው። ያንቺ እንዲያውም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እስከ ምሳ ሰዓት ሙቀቱን ይይዝ ነበር። አንዴ ገመጥኩና ፊቴን ግድግዳው ላይ ወዳለው ባለባርኔጣ አዞርኩ። ምሕረት «አቃጠለህ እንዴ?» አለች። «ቃሪያው ነው» አልኳት።

ቃሪያው አልነበረም። ዘነብዬ፣ አሁን የምነግርሽን በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

ቢሮ ጥበቃ ሆኜ ስሠራ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተሽ የምትቋጥሪልኝን ቂጣ አልበላሁትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በልቻለሁ። አንድ ቀን ግን ኃላፊያችን አቶ መስፍን ስፈታው አየኝና «ዘበኛችን ዛሬም ድንጋይ ተሸክሞ መጣ! ኧረ ለጥርስህ እዘን!» አለ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «ቤት ስንሠራ ከመሠረቱ የተረፈ ነው» ብዬም ጨመርኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂጣሽን ከአጥሩ ጀርባ ለምትታሰር ፍየል እሰጣት ጀመር። እኔ ሻይ እየጠጣሁ እውል ነበር።

ማታ ስመጣ «ጠገብክ?» ትዪኝ ነበር። «ጠገብኩ» ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? «ቢሮው በሙሉ ተሻማብኝ፤ ለእኔ የደረሰኝ ቁራሽ ነው» አልኩሽ። ቀልዴን ነበር። አንቺ ግን በማግሥቱ «አንዱን ለጓደኞችህ» ብለሽ ሁለት ጋገርሽ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት። ትከሻሽን እያመመሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሁለት። ፍየሏ ገና ከሩቅ ስታየኝ ትጮኽ ጀመር፤ እንደሷ የወፈረች ፍየል ዲመካ ገበያም አልታየች። አየሽ፣ እዚህም ላይ መቀለድ ይቃጣኛል።

ታመሽ የተኛሽ ሰሞን ምሕረትን ጠርተሽ «የአባትሽን ጓደኞች ቂጣ አደራ» አልሻት። ጓደኞቼ! አንዳቸውም ስምሽን አያውቁትም። አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። «አንቺ ብቻ ተነሺ፤ ሁሉም ሰላም ብለውሻል» አልኩሽ። ፈገግ አልሽ። ለእግዚአብሔር በጸሎት ተናዝዣለሁ፤ እሱ ግን ድሮም ፍየሏን ያያት ነበር፤ ያላወቅሽው አንቺ ነሽ።

በዚያ ምሳ አቶ መስፍን ከአጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ሦስተኛውን ታኮ በሁለት እጁ ይዞ፣ አፉ እንደሞላ «አንተ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜህ ቀምሰህ ታውቃለህ?» አለኝ። ብድግ አልኩ። ቤቱ ሁሉ እየሰማ «ባለቤቴ ዘነበች ዘጠኝ ዓመት ስትልክላችሁ ድንጋይ ያላችሁት ይኸው ነው! ዛሬ ከፍላችሁ ትበሉታላችሁ!» አልኩት። አቶ መስፍን አቀረቀረ። አስተናጋጇ ሳህን እንደያዘች ቆመች። ምሕረት እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

አሁን ምሕረት አጋገሩን እያስተማረችኝ ነው። የመጀመሪያው አረረብኝ፤ እስከ መጨረሻው ቁራሽ በላሁት። ትከሻ እንደሚያደክም በዚህ ዕድሜዬ ነው ያወቅኩት። ሰው ቤቴ ሲመጣ አቀርባለሁ፣ የማን ሙያ እንደሆነም እናገራለሁ። እጄ ማቡካት እስኪያቅተው ድረስ አልረሳሽም፤ ካቃተውም በኋላ አልረሳሽም።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር፤ እስክሪብቶው ከእጄ አልወርድ አለኝ። ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ብድግ አላልኩም። አቶ መስፍን ሲጠይቀኝ አፌን ጠረግሁና «ኧረ የት አግኝቼ! ዛሬ ገና መቅመሴ ነው» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ምሕረት የያዘችውን ታኮ ሳህኑ ላይ መለሰችው።