ደምለው ለማን ይዘፍናል?

ጥር 12

ብቸና ሁለተኛ ቀኔ። መብራት የለም። ቁርስ ፍርፍር፣ በርበሬው ያስለቅሳል።

የሆቴሉ ባለቤት ይርጋነሽ ምን ሥራ እንዳመጣኝ ጠየቁኝ። ጌም አልኳቸው፣ የስልክ ጨዋታ።

«ለልጆች?»

«ለትልልቅ ሰዎችም ነው እናቴ። ከፍለው ነው የሚጫወቱት።»

አማተቡ። እውነታቸውን ነው… እኔም አንዳንዴ ማማተብ ያሰኘኛል።

ኩባንያው ያለው ሴኡል ነው። በየአገሩ ከዘፋኞችና ከሙዚቃ አሳታሚዎች ጋር ይዋዋላል። ዘፋኙ ጨዋታው ውስጥ ይገባል፣ በመልኩ፣ በልብሱ፣ በድምፁ። ተጫዋቹ ባሸነፈ ቁጥር ብቅ ብሎ በዘፈን ያወድሰዋል። ብራዚል ሠርተውታል፣ ቱርክም ሠርተውታል። አሁን ተራው የእኛ ነው። ለእነሱ እኛ የባሕር ማዶ ገበያ ነን። አለቃዬ ታደለ አዲስ አበባ ቢሮው ቁጭ ብሎ «ከክፍለ ሀገር ያልተነካ ድምፅ አምጪ፣ ያኔ የሙከራ ጊዜሽ ያልቃል» አለኝ። ብቸና ያልኩት እኔ ነኝ። ሉማሜ ያሉት የእናቴ ወንድሞች ከስልካቸው የማያወጡት አንድ የመሰንቆ ዘፋኝ አለ። ደምለው ይባላል። እሁድ ሠርግ አለው አሉኝ። ሳልጠራ እሄዳለሁ።

ጥር 14

ሄድኩ። አየሁት። ምን ብዬ ልጻፍ?

አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ኮቱ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል፣ እሱም እንደሚያበራ ያውቃል። ዳሱ ውስጥ እየዞረ ሰው ፊት ይቆማል፣ ያያል፣ ከዚያ ግጥም ያወጣለታል። የሙሽራው አጎት ተኮሳትሮ ነበር፣ በሁለት ስንኝ አሳቀው። አንዲት ባልቴት ልጃቸው ርቆባቸዋል መሰለኝ… እሳቸው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገው፣ ዳሱ ማጨብጨቡን ተወ። ማን ነገረው? ማንም። ፊታቸውን አየ።

እኔ ጥግ ይዣለሁ፣ ላፕቶፑ ከነቦርሳው ጭኔ ላይ። መጣ። ቆመ።

«ከጥግ ተቀምጣ ቦርሳ ያቀፈችው፣
ትከሻዋን ለማን አደራ ሰጠችው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሳቀብኝ። ቦርሳዬን ከአጠገቤ ላለች ሴት ሰጥቼ ተነሣሁ። እስክስታ ከወረድኩ ስንት ዘመኔ… አሁን አንገቴ አይዞርም። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ተቀምጦ እኛ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ እንንከራተታለን!

ጥር 16

ለደምለው ሥራውን አቀረብኩለት። ሥዕሎቹን አሳየሁት፣ የቱርኩን ዘፋኝ አጫወትኩለት። አገጩን ይዞ አየ። ንግግሬ ጥሩ ነበር፣ ሳልደነቃቀፍ ተወጣሁት። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ።

«ሲያሸንፍ አወድሰዋለሁ።»

«አዎ።»

«ማንን?»

«ያሸነፈውን ሰው።»

«ማን ነው እሱ?»

«ማንም ሊሆን ይችላል።»

«ማንም ማለት ማን ነው?»

የቱርኩን ዘፋኝ ደግሜ ከፈትኩለት። ሳቀልኝ። «እንሞክረዋ፣ ምን ቸገረን» አለ።

ጥር 18

የሆቴሉን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን ቀዳን። ማይክሮፎኑ ጥሩ ነው፣ መሰንቆውም ጥሩ ነው። ደምለው ግን የለም። ቃሉ ይወጣል፣ ሰውዬው አይወጣም። ያ እሁድ ዕለት ዳሱን ያንቀጠቀጠው ሰው የት ገባ? እኔ ከምነግረው በፊት ራሱ መሰንቆውን አስቀመጠ።

«አይሆንም እፀገነት። ፊት የለም። ከግድግዳ ጋር ምን አወራለሁ?»

ፊቱ ተቀመጥኩለት። ሁለት ስንኝ ብሎ ተወው።

«አንቺ ሰዓት ታያለሽ።»

አፈርኩ። እውነቱን ነው፣ አየሁ።

ከዚያ ነገረኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የመጀመሪያ ካሴቱን ያወጡለት ሞጣ ያሉት ጋሽ አብዱልዋሂድ ናቸው። የሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ሲቀዳ ዘወትር ከፊቱ ይቀመጡ ነበር። «እሳቸው ፊት ከሆነ ልሞክር» አለኝ።

ጥር 19

ለታደለ ደውዬ የጋሽ አብዱልዋሂድን ነገር አነሣሁ።

«ሌብል፣ አሳታሚ ነው?»

«ነበር። ካሴት ሲቀር ቆመ።»

«ነበር ከሆነ ተይዋ! ኮንትራቱ ከዘፋኙ ጋር ብቻ ነው። ሦስተኛ ሰው ካስገባሽ ሴኡል ፋይሉን ይዘጋዋል።»

እሺ አልኩ። ፊቱ ለመቀመጥ ግን ውል አያስፈልግም።

ጥር 23

በሚኒባስ ወደ ሞጣ። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈነዳ። ደምለው ጎማ ለሚቀይረው ሾፌር ዘፈነለት፣ ተሳፋሪው እየሳቀ መዘግየቱን ረሳ።

የጋሽ አብዱልዋሂድ ሱቅ አሁን የልጃቸው የሀሲና ነው። እሳቸው ዛሬ ከተማ የሉም። ቻርጀር፣ የስልክ ሽፋን፣ ኢርፎን። ከላይ ግን ታፔላው እንዳለ ነው፦ አብዱልዋሂድ ሙዚቃ ቤት። ቀለሙ ለቋል። ከጀርባ አንዲት ክፍል አለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። የቀረጻ ክፍል! አቧራ የለባትም። የሚቀዳባት ሳይኖር ማን ይጠርጋታል? ሀሲና።

ሀሲና… እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም። ለሦስት ደንበኛ በአንድ ጊዜ ትሸጣለች፣ በመሐል እኔን ትመረምራለች። የምታውቀው ድርድር ነው፣ አታፍርበትም። ሁሉን ካስረዳኋት በኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። የቤታችን ስም ይግባ። አባዬ ያወጣውን ድምፅ ሁሉ የአዲስ አበባ ሰዎች እየገዙ የራሳቸውን ስም ለጠፉበት። አንድ ሥራ ላይ ስሙን ይይ። ዓይኑ ሳይደክም።»

ልዋሻት እችል ነበር። «እናያለን» ማለት የኛ ቢሮ ቋንቋ ነው። አፌ ላይ መጣ፣ አልወጣም። አይፈቀድም አልኳት። ከደምለው ጋር ብቻ ነው የሚዋዋሉት።

ታባርረኛለች ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ።

«ዋሽተሽኝ ቢሆን በሩ ያውልሽ ነበር» አለች። «በሉ፣ በክፍሉ ተጠቀሙ። ደምለው የቤታችን ልጅ ነው። የኛ ስም ስለቀረ የሱ ድምፅ አይቀርም።»

ይህን ተናግራ ዞር ብላ ለአንዱ ኢርፎን ሸጠች። እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት አኮርፍ ነበር።

ጥር 30

ደምለው እስከ ቅበላ ሠርግ በሠርግ ነው። ቀጠሮ ለየካቲት 8። ታደለ በየቀኑ ይደውላል።

የካቲት 8

ዛሬን መቼም አልረሳው።

ጋሽ አብዱልዋሂድ በከዘራ ገቡ። ቁመታቸው ረዥም፣ ነጠላ ለብሰዋል፣ ፂማቸው ነጭ። ደምለው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፣ ትከሻውን ይዘው ከለከሉት። በርጩማ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። እጃቸውን ከዘራው ላይ ደረቡ። ከዚያ ምንም አላደረጉም። ሰሙ። በቃ ሰሙ!

እንዴት ብዬ ልግለጸው? ሲሰሙ ሰውነታቸው በሙሉ ይሰማል። አንዱ ስንኝ ላይ ቅንድባቸው ከፍ ይላል፣ ደምለው ያንን አይቶ ይጨምርበታል። አንዱ ላይ ጣታቸውን ያነሣሉ፣ ደምለው ያቋርጥና እንደገና ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። አንድ ጊዜ ብቻ «እህ…» አሉ። ለዚያች «እህ» ስል እኔ ራሴ በዘፈንኩ።

«ከብቸና ተነሥቼ ብዬ ሞጣ ሞጣ፣
አብዱልዋሂድ ሰምቶት ድምፄ ካገር ወጣ።»

ሀሲና በሩን ተደግፋ ነበር። ይህቺን ስትሰማ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። እኔ መሣሪያውን ይዤ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

የካቲት 10

ላክሁት። ሴኡል በማግስቱ፣ ዛሬ መለሱ። ወደዱት! ቃሉ ሳይገባቸው ወደዱት። ትርጉሙን ላኪ አሉኝ።

የካቲት 15

ትርጉሙ ጉድ አመጣ።

ታደለ ጮኸብኝ። «አብዱልዋሂድ ማነው? ዘፈኑ በሙሉ አብዱልዋሂድ ነው እኮ!»

ነው። እየተረጎምኩ ነው ያየሁት። ሰውዬው ፊቱ ተቀምጠው ነበርና ደምለው በየሁለት ስንኙ ይጠራቸዋል። የኩባንያው ሕግ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከተጠራ ባለስሙ ራሱ ካልፈረመ፣ በጨዋታው ሠሪዎች ዝርዝር ውስጥም ስሙ ካልተጻፈ አይወጣም ይላል። ታደለ ባለስሙን ማስፈረም አይፈልግም፣ ሦስተኛ ሰው ነው። «ስሙን አውጥቶ እንደገና ይቅዳ፣ እስከ ዓርብ።»

ለደምለው ደወልኩ።

«ጾም ገባ እኮ እፀገነት። ከትናንት ወዲያ። መሰንቆው ተሰቅሏል።»

«መቼ ይወርዳል?»

«ክርስቶስ ሲነሣ።»

ጨዋታው የሚወጣው መጋቢት ላይ ነው። ለመንኩት። አንድ ቀን ብቻ፣ ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ… «እኔ እሰማለሁ» አለኝ። ሆን ብለህ ነው ወይ ስሙን የጠራኸው ብዬ ጠየቅሁት። ተቆጣ። «ሰው ፊቴ ተቀምጦ ስሙን ካልጠራሁ ምኑን አዝማሪ ሆንኩ?»

የሚያስቀና ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ሲል ጾሙን አላላላም። እኔ ለዚህ ሥራ ስል ስንት ነገር አላላሁ?

የካቲት 16

የቢሮው የድምፅ ባለሙያ ስሙን ቆርጦ ለማውጣት ሞከረ። ዘፈኑ አነከሰ። ታደለ፦ «ተይው። ሌላ ዘፋኝ ፈልጊ።»

ለሀሲና ደውዬ ነገርኳት። 

«በኛ ስም ምክንያት ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ነው እንጂ…

የካቲት 17

አደረግሁት። ሴኡል ካሉት ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ የምንገናኝበት ቀን ነው። ታደለ «የብቸናው አልተሳካም» ብሎ ሊያልፍ ሲል ይቅርታ ብዬ ገባሁ።  በሥዕልም በጽሑፍም አልተዘጋጀሁም።

አልኳቸው፦ የወደዳችሁት ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ አፉን ከፍቶ ሠራው፣ አንዱ ዘግቶ። ያለ ሰውዬው ሆቴል ውስጥ የቀዳሁትንም እልክላችኋለሁ፣ አወዳድሩ። ስሙን የምትፈሩት ሦስተኛ ሰው ስለሆነ ነው፣ እሱ ግን ሁለተኛው ነው። ይፈርም። ሙዚቃ ቤቱም ከስሙ ጋር ይጻፍ።

ታደለ ካሜራውን አጠፋ። እነሱ እርስ በርስ በቋንቋቸው አወሩ። ሰኞ እንመልሳለን አሉ።

የሙከራ ጊዜዬ ዛሬ በመባረር ያለቀ መሰለኝ። የሚገርመው ግን ምሳ በደንብ በላሁ፣ ሽሮ።

የካቲት 20

ሁለቱንም አወዳደሩ። ይፈርም አሉ! ቤቱም ይጻፍ!

ታደለ «ዕድለኛ ነሽ» አለ። ይበል።

ለሀሲና ስደውል ሱቁ ሞልቶ ነበር። ጮኸች፣ ከዚያ ለደንበኛ «መጣሁ፣ መጣሁ» ስትል ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋው ረሳችው። ለረጅም ጊዜ ቻርጀር ስትሸጥና ስትስቅ አዳመጥኳት።

የካቲት 27

ሞጣ። ፊርማ።

ጋሽ አብዱልዋሂድ መነጽራቸውን ጠርገው ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔ የፈረምኩትን እንዲያ አንብቤው አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«የሥራ ድርሻ ይላል። እኔን ምን ብለሽ ልትጽፊኝ ነው?»

የኩባንያው ምርጫ አለ፦ ዘፋኝ፣ ገጣሚ፣ አቀናባሪ፣ አሳታሚ።

«አሳታሚ በል አባዬ!» ሀሲና ከባንኮኒው ጀርባ ዘላ መጣች። «ስንት ዓመት ያሳተምከው ማን ሆነና!»

«ያኔ አሳተምኩ። ይህንን የሚያሳትሙት እነሱ ናቸው። ባልሠራሁት አልፈርምም።»

«ታዲያ ምን ሠራሁ ልትል ነው?»

«ሰማሁ።»

ደምለው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የጾም ፊት፣ መሰንቆ የለ ምን የለ። ቀና ብሎ አያቸው። «እሱ ነው» አለ። «ሌላውን ሁሉ እኔ አገኛለሁ። የሚሰማኝን ግን የት አገኛለሁ?»

ሀሲና አባቷን አየች፣ ደምለውን አየች።  ቀስ ብላ ብዕሩን ለአባቷ አቀበለቻቸው።

ጻፍኩ፦ ሰሚ። አብዱልዋሂድ፣ አብዱልዋሂድ ሙዚቃ ቤት፣ ሞጣ። ፈረሙ። ፎቶ አንሥቼ እዚያው ሆኜ ላክሁት።

ሴኡል ወዲያው መለሱ። ሰሚ የሚባል የሥራ ድርሻ ዝርዝራችን ውስጥ የለም፣ ካሉት አንዱን ምረጪ አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታደለን እጠይቅ ነበር።

ከሌለ ጨምሩት ብዬ ጻፍኩላቸው። ከምሳ በኋላ ጨመሩት።