የሚስት ቪዛ ይቀድማል

ለወንድሜ ለኦቻላ፣ ካናዳ

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እናታችንን ከቀበርን ወዲህ እኔ ደህና ነኝ።

«መጀመሪያ ሚስቴን አስመጣለሁ» ስላልክ፣ አጎታችን የእናታችንን ዶቃ ለአርያት አባት ጥሎሽ ሰጠ። ኤምባሲው የጋብቻ ማስረጃ ሲጠይቃት አርያት ዶቃውን ከአባቷ ተውሳ አንገቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ተነሳች። «ፈረንጅ የሚያውቀው ቀለበት ነው» ብዬ ብነግራት፣ «ቀንተህ ነው፣ አንተ ልጅ» ብላ ሳቀችብኝ። እንግሊዝኛ የማስጠናት ግን እኔ ነኝ። የላክህላትን ሹራብም በዚህ ሙቀት ለብሳ ትዞራለች።

የቤተ ክርስቲያናችን ፈረንጅ፣ እናት አባት የሌለውን ወንድም አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው መውሰድ ይቻላል አሉኝ። ለወሬ ያህል ነው የጻፍኩልህ። እኔ መስከረም ላይ ይሞላኛል።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ከአርያት ደብዳቤ የሚተርፍ ጊዜ ካለህ ጻፍልኝ። ከሐምሌ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ በክረምት መንገዱ ስለሚበላሽ ፖስታ ይዘገያል።

ታናሽህ ኡጁሉ፣ ኒውላንድ፣ ጋምቤላ