ከመርዶው በፊት ያየሁት ባሕር

ሰይዴ፣

አንተን የሸኘንበት በረዶ ከቀለጠ ቆየ። ከመስኮታችን ፊት ያለው ዛፍ ለምልሞ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ጀምሮታል። ይህን ያህል ጊዜ ሳላዋይህ ቆይቼ አላውቅም። ስንኳረፍ እንኳ ከአንድ ቀን አናልፍም ነበር፤ ያውም መጀመሪያ የምትስቀው አንተ ነህ።

ቤታችን ደህና ነው። እኔ ባርነሃገው፣ ሕፃናት ማዋያው ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ሕፃናቱ የት ጠፍተሽ ነበር ብለው ጉልበቴ ላይ ተንጠልጥለው ዋሉ። ልጅህ ሂክማ መኪና መንዳት እየተማረች ነው። እኔን ጎኗ አስቀምጣ፣ አንተ ሌሎችን ሾፌሮች የምትሳደበውን ስድብ ሳትሳሳት ትደግመዋለች። በጸደይ ዱግናድ፣ በሰፈሩ ደቦ ጊዜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ለማጽዳት ወጥቶ ማን ሥራ እንደሚያከፋፍል ጠፍቶት ቆሞ ነበር። ለካስ በየዓመቱ ሳይሾሙህ አለቃ ሆነህ ኖሯል። የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ ቅጠል መጥረጊያውን በራችን ድረስ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ።

ሳልነግርህ ውስጤን የበላው ነገር ግን የእህትህ ጉዳይ ነው።

እትዬ ዘሐራ ለአንተ እህት ብቻ እንዳልሆኑ ደሴ ያለ ሁሉ ያውቃል። እናታችሁ ስትሞት አዝለው ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው። አንተ ስታርፍ እሳቸው ሊድስ፣ ልጃቸው ነጂማ ቤት፣ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ገና መውጣታቸው ነበር። እዚህ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ወሰኑ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዛቸው ባለበት ነው የሚነገራቸው አሉ። ደግሞም ከሌላ ሰው ቢሰሙ አያምኑም፣ ራህመት ራሷ ትገኝ ተባለ። እኔ ደግሞ ዒዳ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ሐዘኔን ጠብቄ ከቤት አልወጣም። እንግዲያው ዒዳሽን ስትጨርሺ ትሄጃለሽ ተባልኩ።

ለካስ ያ ሁሉ ጊዜ ለውሸት የተሰጠኝ ኖሯል። በየእሑዱ ይደውላሉ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ነው እላለሁ፣ አንድ ቀን ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ተዘግቷል እላለሁ። እሳቸው ደግሞ ስለዚያ አገር፣ ስለ ዮርክሻየር ይጀምሩልኛል። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ እንዲራመዱ አዟቸው፣ ነጂማን እያስከተሉ አገሩን ማዳረስ ይዘዋል። ሣር የለበሰውን ሸለቆ፣ ጣራው የፈረሰውን ጥንታዊ ገዳም፣ በነሐሴ ወይን ጠጅ አበባ የሚለብሰውን ደጋ ያወሩልኛል። ከደሴ ብርድ በቀር ምንም አይጎድለውም፣ ብርዱም አለ ይላሉ። ሰይድን ይዤው የምዞረውን መርጬ ጨርሻለሁ፣ የአውቶቡስ ፈረቃውን ያስተካክልና ይምጣ ይሉኛል። እኔ ስልኩን እንደዘጋሁ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቅሳለሁ።

ሂክማ ነገሩን ጠላችው። እዚህ ያደገች ልጅ ናት። “ናይ፣ አይሆንም ማማ፣ ይሄ ውሸት ነው፤ ወንድሟ እኮ ነው፣ የማወቅ መብት አላት” አለችኝ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው አልኳት። ሥርዓቱ ማንን ነው የሚጠብቀው፣ እሷን ነው ወይስ እናንተን አለች። መሞትህን የምታውቀው ነጂማ ደግሞ ጨነቃትና፣ አጎቴ ድሮ በስልክ ከላከልሽ የድምፅ መልእክት አንዱን ላኪልን፣ እማዬ ትረጋጋ ብላ ለመነችኝ። ያንን ግን እምቢ አልኩ። በአንተ ድምፅ አልዋሽም።

በነሐሴ ዒዳዬን ጨርሼ ሄድኩ። ለእሑድ ማለዳ የሊድስ ሰው ሊሰበሰብ ተቀጣጥሯል፤ እኔ ግን ሐሙስ ማታ ደረስኩ። ሐዘንተኛ እንዳልመስል አንተ የገዛህልኝን አረንጓዴ ሻሽ አስሬያለሁ። እትዬ በሩን ከፍተው አቅፈውኝ፣ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላዬ ተመለከቱ። አንተን መፈለጋቸው ነው። ከፈረቃው አልለቀቁትም አልኩ። ግድ የለም፣ እሱን የማዞርበትን በአንቺ እለማመዳለሁ ብለው ሳቁ።

አርብ ናርስቦሮ የምትባል ከተማ ወሰዱኝ። ወንዙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከላዩ ረጅም የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቶ ባቡር ያልፍበታል፣ ከሥሩ ሰው ታንኳ ይቀዝፋል። ውብ ነበር፣ ሰይዴ። እሳቸው በድልድዩ ጥግ ሁሉ ፎቶ እያነሱኝ፣ ይሄን ላኪለት ይሉኛል። የት ልላከው? ስልኬን ከፍቼ የላክሁ መስዬ እመልሰዋለሁ።

ቅዳሜ ዊትቢ እንሂድ አሉ፣ ባሕር ዳር። ነጂማ ሥራ ስለነበረባት ሁለታችን ብቻ ነን። ባለ ፎቅ አውቶቡስ ላይ፣ ፊት ለፊት መስታወቱ ጋ ተቀመጥን። ደጋው ላይ ስንወጣ ዓይን እስከሚደርስበት ያ አበባ ነው። ሾፌሩ ጠመዝማዛው ላይ ሲያንገላታን፣ ሰይድ ቢሆን በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ነበር የሚነዳው ብለው ተቆጡ።

ዊትቢ ወደቡ ታች ነው፤ ገዳሙ ገደሉ አናት ላይ። ወደዚያ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ማለቂያ የለውም። አይሆንም፣ ልብዎ አልኳቸው። ሐኪሙ ያለው ተራመጂ ነው ብለው ቀድመውኝ ወጡ። መሃል ላይ ቆመው ሲተነፍሱ ድምፃቸው ያፏጫል። እኔ ከኋላ እጄን ዘርግቼ፣ ቢወድቁብኝስ እላለሁ። ወንድማቸው ቆሞ የሚጠብቃቸው እየመሰላቸው እንዲህ ቢሞቱብኝ ለአላህ ምን እላለሁ? ክኒናቸውን ከቦርሳቸው አውጥቼ በእጄ ጨብጬ ነው የወጣሁት።

ላዩ ደረስን። ጣራ የሌለው ግንብ፣ በባዶ መስኮቶቹ ሰማይ የሚታይበት፣ ከማዶው ባሕር። ወደ ባሕሩ የዞረ አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚህ ነው ሰይድን የማስቀምጠው፣ መሪ ሳይጨብጥ ተቀምጦ ሩቅ ይይ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

ያ አላህ፣ የወንድሜን ዕድሜ አርዝምልኝ፣ በጤና አምጣልኝ አሉና አሚኔን ጠበቁ።

ወሎ ላይ ተወልጄ፣ ሰው ዱዓ ሲያደርግ አሚን ሳልል የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። ለማላውቀው መንገደኛ እንኳ እላለሁ። ያን ጊዜ ግን አፌ አልታዘዘም። ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው። አፈር ላለበስነው ሰው ረጅም ዕድሜ ሲለመን አሚን ብል አላህ ፊት መዋሸቴ ነው። ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙት። ዕድሜውን አርዝምልኝ፣ አሚን በይ እንጂ አሉ። ከጎናችን ሰዎች የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ባሕሩን አያለሁ።

እጃቸው እንደተዘረጋ ዞረው አዩኝ።

“መቼ ነው?” አሉ።

ነገርኳቸው። በረዶው ሳይቀልጥ፣ ገና በማለዳ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ አውቶቡስህ ላይ ሳትወጣ እንደወደቅህ። ክኒኑን ስዘረጋ እጄን ገፉት። ማን አጠበው አሉ። ማን መቃብር አወረደው አሉ። ሁሉንም በስሙ መለስኩ። ያ ሁሉ እሑድ ብቻዬን ስስቅ ሰማሽኝ አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌዎቹ የፈሩትን ሁሉ አደረግሁት፤ ያለ ደጋፊ፣ ያለ ጎረቤት፣ በሰው አገር ገደል ላይ መርዶ አረዳሁ። ስንመለስ ያ አበባ እንዳለ ነበር። እስከ ሊድስ ፊታቸውን ከመስታወቱ አልመለሱም። ለነጂማም የሰሙትን አልነገሯትም፤ ደክሞኛል ብለው ክፍላቸው ገቡ።

እሑድ ሱብሒ ተሰግዶ ሰው መጣ። ሳሎኑ ሲሞላ እትዬ ለብሰው ወጥተው መሃል ተቀመጡ። አሁን ይናገራሉ፣ የወንድማቸው ሚስት ሥርዓት አፍርሳ ገደል አፋፍ ላይ እንዳረዳቻቸው ይሰማል አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ልማዱ ከሩቅ ጀምረው፣ ስለ አላህ ውሳኔ አውርተው፣ ስምህ ላይ ደረሱ። እትዬ ዘሐራ ያን ጊዜ ገና እንደሰሙ ሁሉ ጮኹ። ሴቶቹ ደርሰው ያዟቸው። ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነበር፣ ሰይዴ። ሌሊቱን ሙሉ አፍነው ያቆዩት ነው።

ሴቶቹ፣ እንዴት ቻልሽው፣ ምንም ሳታሳዪያቸው ብለው አመሰገኑኝ። አንገቴን ደፋሁ። ማታ ብቻችንን ስንሆን እትዬ ሻሼን አስተካከሉልኝና፣ የሰይድ ሚስት በማንም አፍ እንድትነሳ አልፈልግም አሉ። ከእንግዲህ ግን ማንም ቢሞት፣ ሂክማም ብትታመም፣ በዚያው ሰዓት በስልክ ንገሪኝ አሉኝ። እሺ አልኩ። ይህን እኔና እሳቸው፣ አሁን ደግሞ አንተ ብቻ ነን የምናውቀው።

ትናንት እሑድ ነበርና ደወሉ። ስልኩ ሲጠራ አሁንም ምን ብዬ ልዋሽ እላለሁ። መቃብሩ ጋ ሄድሽ ወይ አሉኝ። ዝናብ ነበረ፣ ሰንፌ ተኝቼ ዋልኩ። ሄጃለሁ ልል ነበር። አልሄድኩም አልኳቸው። እንግዲያው ነገ ሂጂ አሉ። ዛሬ ከሥራ መልስ መጥቼ ነበር፤ ሣርህ አድጓል።

አልረሳህም፣ ሰይዴ። በሕይወት እስካለሁ በየእሑዱ ስምህ በስልክ ይነሳል። እትዬ ገና ያላሳየሁሽ ሸለቆና ገደል አለ ይላሉ። ለሚመጣው በጋ፣ ኢንሻአላህ፣ ሂክማን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን እዚያ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። እሳቸው አላህ ይዘንለት ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እኔም አሚን እላለሁ።

ራህመት