የቀዩዋ መኪና ሞተርና የቀኝ ጆሮዬ

እሑድ፣ ጥር 17

ካንዴላዋ ተቃጠለች። ሁለተኛውን ዙር እንኳ ሳትጨርስ።

ከቅዳሴ ስመለስ መምህርት ዓለሚቱ ቡና ማስጫው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። የዘንድሮው ቡና ስለተነሣ ሲሚንቶው ባዶ ነው፤ ባለቤቱ እስከ ክረምት ድረስ ተጫወቱበት ብሎናል። እንደ ሁልጊዜው እኔ ሞተሩን አስነሣሁ፣ እሷ ሪሞቱን ያዘች። መኪናዋ ርዝመቷ ከክንድ አይበልጥም፣ ሞተሯም በመዳፍ ይያዛል። ግን እውነተኛ ሞተር ነው። ፒስቶን አለው፣ ካርቡሬተር አለው፣ የራሱን ልዩ ነዳጅ ይጠጣል። የመንገድ ሥራው ፈረንጅ ፕሮጀክቱ አልቆ ሲሄድ "አንተ ታውቅበታለህ" ብሎ ሰጠኝ።

ፍጥነት እንድትጨምር ብዬ የነዳጅ መርፌዋን ትንሽ አጠበብኩ። ጥሩ መሰለኝ። ደግሜ አጠበብኩ። ሄደች፣ ዞረች፣ ቆመች። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ።

ዓለሚቱ "ጋሽ ወንድሙ፣ እንደዚያ ስትጮህ መርፌዋን ለምን አልከፈቱላትም?" አለችኝ።

"ነዳጁ ነው። ቆይቶ ተበላሽቷል" አልኳት።

ሪሞቱን አስቀምጣ ሄደች።

ቅዳሜ ውድድር አለብን። ሺሺንዳ ካምፕ ያለው ኢንጂነር ናሆም የራሱን መኪና ከአዲስ አበባ አምጥቷል፤ ከእናንተ ጋር ልሞክራት ብሏል። ቦንጋ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ያለን እኛ ብቻ ስለሆንን ከማንም ጋር ተወዳድረን አናውቅም። ዓለሚቱ ወሬውን ከሰማች ጀምሮ ተማሪዎቿን ስትፈትን እንኳ የምታስበው ስለ መታጠፊያው ነው።

የቀረን፦ አንድ ካንዴላ። ግማሽ ሊትር የማይሞላ ነዳጅ። ስድስት ቀን።

ሰኞ፣ ጥር 18

ጠዋት ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ጥፋተኛ ፍለጋ ነው። ፊልትሮው ቀይ አፈር ነበረበት፤ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ዘይት ቀባሁት። ግን እንዲህ የሚያደርስ ቆሻሻ አይደለም። ጓርኒሲዮኑ፣ የመጋጠሚያው ማሸጊያ፣ ደህና። የነዳጅ ቱቦው ደህና። ነዳጁን በብልቃጥ አድርጌ ወደ መስኮቱ ያዝኩት፤ ጥርት ያለ ነው፣ ክዳኑም ጥብቅ ነበር። ደግሞ ትናንት በዚሁ ነዳጅ በመጀመሪያው ሙከራ ነው የተነሣችው።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? አልሰማኋትም።

ወፍራሙን ድምፅ እሰማለሁ። መኪናዋ ነዳጅ ሲያንሳት የምታወጣውን ቀጭን ጩኸት ግን አልሰማሁም። ዓለሚቱ ሰምታዋለች። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም። ግሬደር ከዳገቱ ማዶ ሲመጣ የቱ ሲሊንደር እንደደከመ እናገር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በጆሮዬ ነው እንጀራ የበላሁት።

ከሰዓት ባለቤቴ ብርሃኔ ጓሮ ስትወጣ የጠረጴዛውን ትንሽ ሰዓት አንሥቼ ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ራቅ ያለ ነገር ይመታል። ወደ ቀኝ አዞርኩት። ሰዓቱ የቆመ መስሎኝ አየሁት። እየሄደ ነው።

ወዲያው መልሼ አስቀመጥኩት፤ የሰረቅኩት ይመስል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሆስፒታል ሄድኩ። ለብርሃኔ ብሎን ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ።

ያየችኝ ባለሙያ ረጋ ያለች ናት። ከግራው ጆሮ ብዙ ቆሻሻ አጥባ አወጣች፤ ያ ጎን ትንሽ ተከፈተ። ቀኙን ግን ደጋግማ አየችና "ይሄኛው በቆሻሻ አይደለም። ቀጫጭን ድምፅ አይዝም፤ የቆየ ነው" አለችኝ። "ሥራዎ ምን ነበር?"

"ግሬደር፣ ዶዘር፣ ኮምፕሬሰር። ጥገና።"

"ጆሮዎን ይሸፍኑ ነበር?"

"ሞተሩን እንዳልሰማው?"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጅማ ሄጄ ስለ መስሚያ መሣሪያ እንድጠይቅ ወረቀት ጻፈችልኝ። የጠፋው አይመለስም፣ ያለው ግን ይታገዛል ነው ነገሩ።

ቤት ስገባ ብርሃኔ አተር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ሁለት ዓመት ሆነኝ ካወቅኩ" አለች። "ለምን በግራህ በኩል የምቀመጥ ይመስልሃል?"

የመስኮቱን ብርሃን ፈልጋ ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር" አለች፤ "አልሰማህም።" ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ትንሽ ተቀየምኳት። ምሳ ላይ ተወኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዛሬ ከባዱን ጨረስኩ። ዓለሚቱን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኳት። የማውቀው ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ደግሞ የማወራውን በልቤ እያጠናሁ ነው።

"ነዳጁ አይደለም" አልኳት። "ጩኸቷን አልሰማሁም። ቀኝ ጆሮዬ ሄዷል፣ ግራውም ደክሟል።"

ታዝንልኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ተቆጣች።

"እሑድ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ የኔ አነዳድ መስሎኝ ነው። ከመታጠፊያው ስወጣ አለቅጥ ሰጥቻት ነው ሞተሩን የገደልኩት ብዬ፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ሌላ ሰው ይንዳልዎት ልልዎት ነበር።"

ይሄ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። እኔ የራሴን እፍረት ስደብቅ እሷ ላይ ጭኜዋለሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ። "ይሁን" አለች። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ "ታዲያ አሁን እንዴት ነው የምናስተካክላት?" አለችኝ። "የምናስተካክላት" ስትል ቀለል አለኝ።

እስከ ቤቷ ድረስ አወራን። ሞተር በጆሮ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ጭስ አለ። ነዳጅ በደንብ ካገኘች ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ትስባለች፤ ሲያንሳት ጭሱ ይጠፋል፤ ሲበዛባት ወፍራም ይሆንና ታስላለች። ሙቀት አለ። ቴስታታው ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል ታደርጋለህ፤ ሦስት አራት ሰከንድ ፈልቶ ከደረቀ ደህና ናት፣ ነክቶ ከተስፈነጠረ ተቃጥላለች፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ገና ቀዝቃዛ ናት። እጅም አለ፤ ሚኒሞዋ፣ ቆማ ሳለ ሞተሯ የሚሠራበት ልክ፣ ሲዛባ ሻንሲው ላይ በጣት ይታወቃል። ይሄን ሁሉ አውቀው ነበር። ጆሮዬ ስለሚበቃኝ አልተጠቀምኩበትም እንጂ።

ዓለሚቱ ጩኸቱን እሷ ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ የማየውን እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ብሎን አልነካሁም። ብርሃኔ ቤተ ክርስቲያን በግራዬ ቆመች፤ አሁን እያወቅኩት ስለሆነ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ዓለሚቱ መጣች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ የማርያም ዕለት አይከለክላትም፣ ግን ለኛ ብላ መኪናዋን አልጠየቀችም። የሒሳብ መምህርት አይደለች፣ ሠንጠረዥ ሠርታ መጥታለች። መርፌው ስንት ተከፈተ፣ ጭሱ ምን መሰለ፣ ጠብታው ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ድምፁ ምን ይላል። "ድምፅ" የሚለውን ዓምድ ራሷ እንደምትሞላው ከላይ ጽፋበታለች። ብርሃኔ አይታ "ይሄ ሁሉ ለዚያች ቁራጭ መኪና?" አለች። መክሰስ ግን አብልታ ነው የሸኘቻት።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሠራ።

ያለችንን አንድ ካንዴላ ጠመድኩ። መርፌውን መጀመሪያ ሰፋ አድርጌ ከፈትኩ። በመጀመሪያው ተነሣች። ጭሱ ወፍራም፣ ታስላለች። መርፌውን የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል አጠበብኩ። አሁንም ወፍራም። ሌላ ስምንተኛ። ዓለሚቱ ጠብታው ላይ ጎንበስ ብላ ትቆጥራለች፤ ሲቸኩላት በካፊኖኖ ቋንቋ ነው የምትቆጥረው። ሦስተኛው ላይ ጭሱ ቀጠነ፣ ጠብታው አራት ሰከንድ ቆየ፣ እሷ "ድምፁ ተስተካከለ" አለች። ሦስታችንም ተስማማን፤ ሦስተኛዋ መኪናዋ ናት።

ትንሽ ላጥብባት አማረኝ። ተውኩት።

ጭንቀት፦ ነዳጁ ለነገ ሁለት ጊዜ መሙያና ትራፊ ነው። ካንዴላ ከተቃጠለ ምንም የለንም። ደመናም አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

አልዘነበም።

ኢንጂነር ናሆም ሾፌሩን ይዞ በአራት ሰዓት ደረሰ። ትሑት ሰው ነው፤ መኪናው ግን አስፈራችን። አዲስ፣ ጥቁር፣ ጎማዋ እንኳ ያበራል። ሊያሟሙቃት ሁለት ዙር ሲነዳት እኛን በግማሽ ዙር የምትቀድም መሰለች። ዓለሚቱ ክርኔን ያዘች። እኔ ግን የማየው ማርሚታዋን ነበር። ምንም ጭስ የለም።

"ድምፁስ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"የእኛዋ እሑድ እንደጮኸችው ነው የምትጮኸው" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በግራ ጆሮዬ፦ "ብንተዋትስ? ራሷ ትቆማለች።"

እውነቷን ነው። አምስት ደቂቃ አትሄድም ነበር። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬም አሰብኩ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ያዳንኩ ሰው፣ አንዱ ሞተር ዓይኔ እያየ ሲሞት ቆሜ ልይ? አልሆነልኝም። ወደ ኢንጂነሩ ሄድኩ።

"ኢንጂነር፣ ነዳጅ አንሷታል።"

"ጋሼ፣ አዲስ አበባ ባለሙያ ነው ያስተካከላት። እዚያ እንደዚህ ነው የምትሄደው" አለኝ በአክብሮት።

"ልክ ነህ፣ ለአዲስ አበባ ልክ ነበረች። እዚያ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጅም ትንሽ ይበቃታል። ቦንጋ ዝቅ ይላል። አየር በዝቶላት ነዳጁ እንደዚያው ስለሆነ ነው የምትቃጠለው።"

አላመነኝም፤ ፊቱ ላይ አየሁት። የዓለሚቱን የውኃ ጠርሙስ ተቀብዬ አንድ ጠብታ ቴስታታው ላይ ጣል አደረግኩ። ጠብታው አልፈላም፤ ተስፈንጥሮ ጠፋ። ኢንጂነሩ ሞተሩን ራሱ አጠፋና ካቻቪቴውን አቀበለኝ።

መርፌዋን ሩብ ዙር ከፈትኩለት፤ አስነሣት። ጭሱ መጣ። ዓለሚቱ ከሩቅ ቆማ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች፤ ድምፁ ተስተካክሏል ማለቷ ነው። ፊቷ ግን አልተፈታም።

ውድድሩ ሃያ ደቂቃ ነበር። ብርሃኔና ሾፌሩ ዙር ቆጠሩ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የኛዋ ደህና እየሄደች ሳለ የጭሷ መስመር ሲሳሳ አየሁ። ነዳጁ እያለቀ ነው ማለት ነው። "አስገቢያት" ብዬ ጮኽኩ። ዓለሚቱ "ድምፁ እኮ ደህና ነው" አለች፣ ግን አስገባቻት። ስከፍተው የነዳጅ መያዣዋ ውስጥ ከማንኪያ የማይበልጥ ቀርቷል። ሞላሁ፣ ወጣች። አልቆመችም። ሃያውን ደቂቃ ሞተሯ አንዴም አልጠፋም።

እነሱ ስልሳ ሦስት፣ እኛ ስልሳ አንድ። ተሸነፍን።

ዓለሚቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ መኪናዋን መጥረግ ያዘች። ከዚያ ምሳ ላይ ለኢንጂነሩ "በመታጠፊያው ግን በልጬዎታለሁ" አለችው። አመነላት። እውነትም በልጣዋለች።

እሑድ፣ ጥር 24

ዛሬ እግሬን ሰብስቤ ነው የዋልኩት። የቀረውን ነዳጅ ከመያዣዋ አፈሰስኩ፣ ሞተሩ ውስጥ እንዳይዝግ ዘይት ጠብ አደረግኩ፣ በእጄ ጥቂት አሽከረከርኩት። ካንዴላዋን አውጥቼ አየኋት። ሽቦዋ ደህና ነው፣ ያበራል። ገና ታገለግላለች።

የጅማው ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ብርሃኔ ከፋሲካ በፊት እንሂድ ትላለች። አላውቅም። መሣሪያው እንኳን የሞተርን ጩኸት፣ የሰውን ወሬስ ይለይልኝ ይሆን? ሄጄ ካልጠየቅኩ አላውቀውም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ኢንጂነር ናሆም ደወለ። ካምፑ ጫጫታ ነው፣ ጀርባው ላይ ጀነሬተር ይሠራል። መጀመሪያ የተናገረውን አንድም ቃል አልያዝኩም። ወትሮ ቢሆን "እሺ፣ እሺ፣ ይሁን" ብዬ እዘጋው ነበር፤ ስንት ነገር እንደዚያ እሺ ብዬ እንዳለፍኩ እግዜር ያውቃል።

"ኢንጂነር፣ ጆሮዬ ደካማ ነው" አልኩት። "ከጀነሬተሩ ራቅ በልና ቀስ ብለህ ንገረኝ።"

ለባዕድ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። እሱ እየራቀ ሲሄድ የጀነሬተሩ ጩኸት እየቀነሰ መጣ። ከዚያ ቆም ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ደግሞ ነገረኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ሺሺንዳ እንድንመጣ፣ ዓለሚቱንም እንዳልረሳ፣ ሁለት ትርፍ ካንዴላ እንዳለው።

ሁሉንም ሰማሁት።