ከሻንጣህ ኪስ የወሰድኩት

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ሙዝደሊፋ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የሐዋሳ ሙቀትና የዶርሙ ምግብ ተስማማህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ያልደወልኩልህ አባባ ስልኬን ስለወሰደው ነው፤ ይህን ወደዚያ የሚመለስ የሰፈራችን ተማሪ ያደርስልኛል።

ዙፋንን ታውቃታለህ፤ የማር ነጋዴዋ የእትዬ አሰለፈች ልጅ፣ አንድ ዴስክ የምንቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ቆመን ሳለ ሳል ያዛት። መጀመሪያ ሳቅኩባት። ከዚያ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ደረቷን ይዛ ተንበረከከች። መምህር ኃይለሚካኤል ተሸክመው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ወንድሜ፣ ከእጇ የወደቀውን ቬፕ፣ ያንን የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ አንስቼ ካልሲዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለዐረፋ በዓል ስትመጣ ከሻንጣህ ኪስ የወሰድኩት ነው። ጠፋብኝ ብለህ ስትፈልግ አብሬህ እፈልግ ነበር፤ አውፍ በለኝ። የማንጎ ሽታው ደስ ብሎኝ በሳምንት አንዴ ጀመርኩ፤ ኋላ በየእረፍቱ ካልሳብኩ ትምህርቱ አልገባ አለኝ። ፈሳሹ ሲያልቅ ምንም ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ ከሚሸጥ ልጅ እየገዛን እንሞላው ነበር።

ሐኪሟ «ምን ወሰደች? ምን ሳበች?» እያለች ትጠይቃለች። ተጠርተው የመጡት እትዬ አሰለፈች «ልጄ ምንም አትነካም» ብለው ይምላሉ። ዙፋን ኦክስጅን ተደርጎላት ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች፤ ስሜን ግን አልጠራችም። ብናገር ከትምህርት ቤት እባረራለሁ፣ ዝም ብል ትሞትብኛለች። አልደብቅህም፣ ልሸሽ እስከ ግቢው በር ሄጄ ነበር። ከበሩ ተመልሼ ቬፑንም፣ በቦርሳዬ የነበረውን ጠርሙስም በሐኪሟ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

እትዬ አሰለፈች ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን «አንቺስ ስበሻል? ደረትሽን ያምሻል?» አሉኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። እኔንም እንድትመረምረኝ ሐኪሟን የለመኑልኝ እሳቸው ናቸው።

ዙፋን በአራተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣች፤ ዳገት ስትወጣ ግን አሁንም ያፍናታል። እኔ ከተውኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው። እንቅልፌ ተቆራርጧል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ፣ ጓደኛዬ ስትታፈን በዓይኔ አይቼ እንኳ ዛሬም ያምረኛል።

አባባ ከየት አመጣሽው ይለኛል፤ እስካሁን አልመለስኩለትም። ስምህን ከእኔ አፍ ከሚሰማ አንተው ደውልለት። ሌላ ገዝተህ ከሆነም እባክህ ጣለው። አንተ ስትስል እኔ እዚህ ሆኜ አልሰማህም።

እማዬ በዱዓዋ አልረሳችህም። ትንሿ ሀፍሳ «የፊት ጥርሴ መውለቁን ንገሪው» ብላሃለች። ወንድማችን ሀምዛም ሰላም ብሎሃል። የአባባን ሰላምታ አልጽፍልህም፤ መጻፌንም አያውቅም።

እህትህ ኢክራማ ሉቅማን
ቦንጋ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.