ገመዱ አልጋዬ ሥር ነው

ይድረስ ለልጄ ለስንዱ፤

የበረሃውን ሙቀት የሚያበርድልሽ አምላክ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። ክረምቱም ገብቷል። ጣሪያው ሲያፈስ የግድግዳው አሮጌ ሽቦ ይንጣጣል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን እንደምታውቂው በደረቅ እንጨት ነው የምገፋው።

ማዳም ቤት አብራሽ የምትሠራው ሳሮን ለእረፍት ስትመጣ፣ ሰናይያ ከሚሉት የዕቃ መሸጫ ሰፈር የገዛሽልኝን የመብራት ገመድና ብሬከር አድርሳልኛለች። ኤሌክትሪሻኑ ታሪኩም የቤቱን መስመር በሙሉ ሊቀይርልኝ ቀን ቆርጦ ነበር። ግን ስለ አንቺ ስጠይቃት ሳሮን አቀረቀረች። «አል አይን ያለው ቤትም አሮጌ ነው፤ የስንዱ ክፍል ሶኬት ጠቁሯል። ኤሲው ሲበራ ይጨሳል፤ በፎጣ ይዛ ነው የምትነቅለው» አለችኝ።

ስንዱዬ፣ ይህን ሰምቼ ምን እንቅልፍ አለኝ? ለእኔ ቤት ያሰብሽውን ለራስሽ አታስቢም? ማዳምን አስቸግራለሁ ብለሽ ዝም አትበይ፣ ንገሪያት። እምቢ ካለችሽ ልጆቿ ክፍል መሬት ላይ ተኚ። በሞቴ፣ በእርጥብ እጅሽ እንዳትነኪው!

ታሪኩን መልሼዋለሁ። ያንቺ ሶኬት መቀየሩን ከራስሽ አንደበት ሳልሰማ እዚህ ቤት አንዲት ሚስማር አትመታም። እንድትዋሺኝም አልፈልግም፤ በቪዲዮ ደውለሽ ግድግዳውን አሳዪኝ።

እጅሽን ከእሳት፣ እንቅልፍሽን ከጭስ ይሰውርልኝ። አፈር ስሆን ልጄ፣ ቶሎ ደውይ። እስከዚያ እኔም እንዳንቺ እየፈራሁ አድራለሁ።

እናትሽ ሸዋረጋ