ያልተገኘው ገጽ

ለውድ ወንድሜ ሙንዚር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በስልክ የሰማሁት ሳል ለቀቀህ ወይ? የጅዳ ሙቀት ከመጋዘኑ ሸክም ጋር ተደርቦ እንዳይጥልህ ሁልጊዜ እሰጋለሁ። ሐርቡ ቤታችን ያሉት ሁሉ አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው። እዚህ ደሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ አልነሣ ብሏል። እኔም ደህና ነኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ሰሞኑን ምግብ አልበላ ብሎኛል።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። የቤታችንን ስልክ ታውቀዋለህ። አንተ በደወልክ ቁጥር ድምፁ ተለቆ ቤተሰቡ በሙሉ ይከበዋል፤ አንተም “ደህና ነኝ፣ አብሽሩ” ከማለት አታልፍም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የምጠይቅህን ነገር በዚያ ጉባኤ ፊት ማንሣት ፈራሁ። ጎረቤታችን በሺር ረቡዕ ከኮምቦልቻ ስለሚበር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው ከመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ሐሙስ ዲፌንስ አለኝ፤ በመምህራን ፊት ቆሜ አስረዳለሁ። አንድ ልቦለድ ላይ ዓመት ሙሉ ትቀመጫለሽ ወይ ብለህ ስቀህብኝ ነበር፤ እውነትህን ነው። የአንድ አሜሪካዊ ገበሬ ታሪክ ነው። መሬቱ በድርቅ ሲከዳው የበኩር ልጁን ተራራው ላይ ላለ የማዕድን ጉድጓድ አሳልፎ ይሰጣል፤ የቀሩት ልጆች በዚያ ይተርፋሉ። የእኔ ሥራ ከዚህ አዲስ ታሪክ ሥር የተኛውን የጥንት ታሪክ መፈለግ ነው። አማካሪዬ መምህር ጸጋው አርኬታይፕ ይሉታል። እማን “የድሮ ታሪክ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ መለየት ነው” ብላት፣ ታዲያ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ምን ያስኬዳል አለችኝ።

ጉድጓዱን ከግሪኮች ተረት የሙታን አገር ጋር አገናኘሁት። መርከቦቹ ነፋስ እንዲያገኙ ብሎ ልጁን ለመሥዋዕት ያቀረበ ንጉሥም አላቸው፤ እሱንም ጨመርኩ። አባትና ልጅ ተራራውን የሚወጡበትን ምዕራፍ ግን ለነቢዩ ኢብራሂም ሰጠሁት። እኔ ኢስማኢል ብዬ ስጽፍ መምህር ጸጋው በቀይ “ይስሐቅ” ብለው አረሙ። በዚህስ አልተጣላንም፤ ስቀው “ሁለቱንም አስቀምጪ፣ ወሎዬዎች አይደለን” አሉኝ።

የተያዝኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። “አባትየው ልጁን መንገድ ላይ ያማክረዋል፤ ልጁም ይስማማል” ብዬ ነበር። መምህሩ ገጹ ስንት ነው አሉኝ። ልቦለዱን ለአራተኛ ጊዜ አገላበጥኩት፤ የለም። ኮፒው ገጽ ዘሎ ይሆናል ብዬ ፒያሳ ወርጄ የኮፒ ቤቷን ባለቤት ጣይባን ተነጫነጭኩባት፤ እሷም ገጾቹን አንድ በአንድ እያሳየች አሳፈረችኝ። የመምህሩን ዋናውን መጽሐፍ ተውሼ አየሁ፤ እዚያም የለም። አባትየው ልጁን ተነሥ ብቻ ነው የሚለው። ምክክሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በልጅነታችን ቁርአን ስንቀራ እንደተማርነው ኢብራሂም ሕልሙን ለልጁ ነግሮ ሐሳቡን ጠይቆታል። አባት ልጁን ሳይጠይቅ ይሰጣል ብሎ ዓይኔ ማንበብ አልቻለም።

መስመሩን ሰርዤ ማረፍ እችል ነበር። ነገር ግን እስክሪብቶ እንዳነሣሁ አንተ ትዝ አልከኝና ደነገጥኩ። አባባ ወደ ጅዳ ሲልኩህ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እነሆ ስምንት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ “አባባ አማክረውት፣ እሱም እሺ ብሎ ሄደ” እላለሁ። የዚያን ቀን ግን እኔ ቤት አልነበርኩም፤ አክስታችን ጋ ነበርኩ። የማውቀው ስመለስ ሻንጣህ በር ላይ እንደነበረና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሮችህን ለእኔ እንደሰጠኸኝ ብቻ ነው። ያማከሩህ የትኛው ገጽ ላይ ነው፣ ሙንዚር?

ቅዳሜ ሐርቡ ወረድኩ። አባባ ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ደረስኩና ሙንዚርን ያን ጊዜ ጠይቀውት ነበር ወይ አልኳቸው። መደቡን ኮትኩተው ጨረሱ። ከዚያ ዶማውን አስቀምጠው፣

“አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው እሺ እንደሚለኝ አውቅ ነበር። እሺታውን መስማት ፈራሁ” አሉኝ።

ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ግን ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሐሙስ ብቻ አይደለም። ከዓረፋ በኋላ ውልህ ያልቃል። ባለፈው አባባ ለሁለት ዓመት አድሰው ሲሉህ ዝም አልክ፤ እኛም ዝምታህን እንደ እሺታ ቆጥረን ወደ ሌላ ወሬ አለፍን። ልደብቅህ አልችልም፣ እኔም ከመካከላቸው ተቀምጬ እፎይ ብያለሁ። እስካሁን የተማርኩት በአንተ ትከሻ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደክሞህ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ይቅር በለኝ።

ጽሑፉን አስተካክያለሁ። “ልጁን ማንም አልጠየቀውም” የሚል መስመር ገብቶበታል፤ መምህር ጸጋው ከሁሉ የሚሻለው ይኼ ነው አሉ። ለእኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ዱዓ አድርግልኝ።

እማ ሰላም ብላሃለች፤ በሶ በበሺር እጅ ልካልሃለች፣ ለጓደኞችህ በትነህ እንዳትጨርሰው አደራ ብላለች። ትንሿ እህታችን ሱዓድ አሁን ከእኔ ትረዝማለች፤ ፎቶህን አይታ ከስቷል ብላ ተጨንቃለች፤ እሷም ሰላም ትልሃለች።

አባባን ትናንት ስሰናበታቸው ለሙንዚር ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልዎ አልኳቸው። ሰላም በይው አላሉኝም። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቤ ቆሙ። ልንነሣ ስንል በመስኮቱ ጠጋ ብለው፣

“እኔ አፈርኩ፤ አንቺ ጠይቂልኝ። መምጣት ይፈልጋል ወይ? እምቢ አላድስም ቢለኝም አልቆጣም፣ በይው” አሉኝ።

ምን ብዬ ልንገራቸው?

እህትህ ፋኢዛ
ደሴ፣ ግንቦት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.